ሪዙን የቆረጠ ዕለት

ሪዝ ያለው ሰው በልቦለድ ውስጥ በር አንኳኩቶ አይገባም። ገፍቶ ይገባል፤ ከገባም በኋላ ቁጭ አይልም። ጠረጴዛ ይመታል፣ ፈረስ ያስጭናል፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ዳኛውን ይሳደባል። ሪዝ የምለው ከጆሮ ግንድ ተነስቶ በጉንጭ ዳር እስከ መንጋጋ የሚወርደውን ወፍራም ጠጉር ነው፤ አገጩ ተላጭቶ ጉንጩ ብቻ ለብሶ ሲታይ። ባነበብኳቸው መጻሕፍት እንዲህ ያለ ፊት የተሰጠው ሰው ትዕግሥት አልተሰጠውም። ደራሲው ስለ ሪዙ መንገር ሲጀምር፣ አንድ ሰው ሊመታ እንደሆነ አስቀድሜ አውቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የአጭር ልቦለድ አጻጻፍ ያስተማሩን መምህር ይህንኑ እንደ ሙያ ምሥጢር ነግረውናል። «ቁጡ ሰው ስትስሉ ‘ቁጡ ነበር’ ብላችሁ አትጻፉ» አሉ፤ «ሪዝ ስጡትና ዝም በሉ። አንባቢው እሳቱን ራሱ ያየዋል።» ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። እጄን አውጥቼ መጠየቅ ስለማልደፍር የተባለውን ሁሉ መጻፍ ልማዴ ነበር።

በሕይወቴ በቅርብ የማውቀው ሪዛም ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ቢቸና ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። እኛው ቤት ስላደገ «አንተ» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ስሜን ትቶ «አስተማሪዋ» ይለኛል። ሪዙ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ከሩቅ ያየው ሰው ልጁን ሊያስፈራራበት ይችላል። ቀርቦ ያየው ግን ሪዙ የሌላ ሰው ይመስለዋል። አንድ ደንበኛ «ሱሪዬን አጥብበህ ሰፋኸው» ብሎ ሲጮህበት፣ ሰውየው ወፍሮ የመጣ መሆኑን እያየ እንኳ «ልክ ነህ» ብሎ ስፌቱን ይፈታል። ውሻ ከጮኸበት መንገድ ይቀይራል። እናቴ ስትቆጣው መቀሱን አስቀምጦ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሰማታል፤ ያኔ አርባ አምስት ዓመት አልፎት ነበር።

ሪዙን በየቅዳሜው በጨርቅ መቀስ የምታስተካክልለት ሚስቱ ነበረች። ስትሞት እንደ አገሩ ደንብ ጺሙን ሁሉ ለቀቀው። ከተዝካሩ በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው «በቃህ፤ ከዚህ በላይ እግዜርን ማስቀየም ነው» ሲሉት አገጩንና ከንፈሩን ሰጣቸው፤ ጉንጩን አልሰጠም። ከዚያ ወዲህ በትንሽ መስታወት እያየ ራሱ ያስተካክለዋል። አንደኛው ወገን ሁልጊዜ ከሌላው ትንሽ ይረዝም ነበር።

እኔ ሞጣ አማርኛ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችን መምህራን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰብስበው የጻፉትን ያነብባሉ። ሁለት ዓመት ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። በሦስተኛው ዓመት «ተራሽ ነው» ተባልኩ። እምቢ ማለትም መናገር ስለሆነ ከበደኝና እሺ አልኩ።

የጻፍኩት ታሪክ እንዲህ ነው። በአንድ መንደር አንዲት ሴት ባሏ ይሞትባታል፤ እድሩ «የመንደራችን ተወላጅ አይደለችም» ብሎ ድንኳን ይከለክላታል። አንድ ቁጡ ሰው ከስብሰባው መሃል ብድግ ብሎ ይጮሃል፤ ወንበር ይገለብጣል። የደብተሬን ትእዛዝ ተከትዬ ለዚህ ሰው ሪዝ ሰጠሁት። የማውቀው ሪዝ የአጎቴ ስለሆነ የአጎቴን ሰጠሁት፤ ጥቁረቱን፣ ጥቅጥቅነቱን፣ አንዱ ወገን ከሌላው መርዘሙን ጭምር። ቁጣውን ከመጻሕፍት ወሰድኩ። ከዚያም አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ «ሪዙን እንደሆነ አልቆረጠም፤ የቆረጠ ዕለት ግን የሚመልሰው የለም።»

አማርኛችን «ቆረጠ» ሲል መቀስንም ልብንም ማለቱ ነው። ጠጉር ይቆረጣል፤ ሰውም አንድ ነገር ሲወስን ቆረጠ ይባላል። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩት፤ ደስ አለኝ። በእነዚህ ዓመታት ቃሉ በእኛ አገር ሌላ ነገርም እንደተጨመረበት አውቅ ነበር። አንድ ጎልማሳ ከቤቱ ሲጠፋና እናቱ ተጠይቃ ዝም ስትል፣ ጎረቤት «ቆረጠ» ይላል። ወዴት እንደሆነ ማንም አይጨምርም፤ ማንም አይጠይቅም። ይህንን አውቅ ነበር፤ ስጽፍ ግን አላሰብኩትም። እድርና ድንኳን ነበር የማስበው።

ቅዳሜ ተነስቼ አነበብኩ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ የግእዝ መምህሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ብዙ ዓመት ቅኔ ቤት የኖረ ሰው፣ ጭኑን መታ።

«እሰይ! ይቺ ወርቅ አላት!» አለ።

«ማን ነው ሰውየው?» አለ ሌላው ከኋላ።

«ማንም አይደለም» አልኩ። ፊቴ ጋለ።

«ማንም ያልሆነ ሰውማ ሪዝ አያወጣም» አለ የግእዝ መምህሩ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ቀና ብዬ ሳላይ የቀረውን አነበብኩ።

ከመምህራኑ አንዱ በስልኩ ቀድቶኝ ነበር። ባትሪው አልቆበት ቅጂው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ይቋረጣል። ታሪኩን የጀመርኩት ከሰውየው ስለነበር ድንኳኑም ሴትየዋም የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በቅጂው ውስጥ ያለው ሪዛም ቁጡ ሰው፣ «የቆረጠ ዕለት» እና «ማን ነው ሰውየው?» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው። ይህ በቴሌግራም ከሞጣ ግንደወይን፣ ከግንደወይን ቢቸና ደረሰ። ቢቸና ድምፄን የሚያውቁ አሉ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም ያውቃሉ። እዚያ አገር የንግግርን ሰም ሰምቶ የሚተው ሰው የለም፤ የሰም ሥራው ወርቁን መሸፈን ነው። የእኔን ወርቅ ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ገበያው ዳር ተቀምጦ ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር።

በመጀመሪያ ቀልድ ነበር። ለእረፍት ቢቸና ሄጄ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጎረቤቱ ሱሪ ይዞ ገባ።

«አንተ፣ መቼ ነው የምትቆርጠው?»

«አምጣው፤ አሁኑኑ» አለ አጎቴ። እጁን ለሱሪው ዘረጋ።

«ሱሪውንማ ተወው!»

«ታዲያ ምን ልቁረጥልህ?»

«እሱን አንተ ነህ የምታውቅ፣ ጀግናው። ስትሄድ ብቻ የእኔን ሱሪ ሳትጨርስ እንዳትሄድ።»

አጎቴ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይኼ ሰው ጠጥቷል እንዴ፣ አስተማሪዋ?» እኔ ስለ ጽሑፉ ነገርኩት። ሰማ፤ ከዚያም በሳሙና ቁራጩ ሱሪው ላይ መስመር እያሰመረ፣ «ወንበር ገለበጥኩ?» አለ።

«አንተ አይደለህም። ሪዙን ብቻ ነው የወሰድኩ።»

«ወንበር መገለባበጥስ አልወድም» አለ። ያኔ ሁለታችንም ሳቅን።

ሞጣ ከተመለስኩ በኋላ መንገዱ ለሳምንታት ተዘጋ። ሲከፈት ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ነበር። የማይታወቅ ሰው ሱቁ መጥቶ፣ ምንም ሳያሰፋ ብዙ ቆይቶ፣ «አንተ ነህ ሪዛሙ?» ብሎ መሄዱን እናቴ በስልክ ነገረችኝ። በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው መጣ፤ እሱ «አይዞህ፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንልክብሃለን» ብሎት ሄደ። ሁለቱ ከአንድ ወገን አልነበሩም። አጎቴን ያስፈራውም ይኸው ነው፤ ሁለት የማይገናኙ ወገኖች አንድ የሌለ ሰው ሊፈልጉ እሱ ሱቅ መምጣታቸው።

ቅጂው በተላለፈበት ቡድን ውስጥ፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ፣ «ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ ከማንም ሰው ጋር አይገናኝም» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰው ወዲያው መለሰልኝ፤ «ገብቶናል።» ከሥሩ ብዙ ሰዎች ሳቁ። በማግስቱ እናቴ ደውላ «ይኼንን ምን ብለሽ ጻፍሽው? አሁን የተጠራጠረውም አመነ» አለችኝና፣ «ነይ» አለች።

ቢቸና እንደደረስኩ እናቴን አስከትዬ ሰፈራችን አጠገብ ካለው ደብር፣ የቅኔ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ከተማው የእሳቸውን ቃል ያከብራል። ከግንቡ ጥላ ሥር ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፤ ግን በሙሉ ዓረፍተ ነገር አናግሬያቸው አላውቅም።

«የኔታ፣ የጻፍኩት ነገር ወርቅ የለውም። ሰዎች ቢጠይቁዎት ይህንን እንዲነግሩልኝ ነው የመጣሁ።»

«ሰም ብቻ ነው?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ጧፍ ሥሪበት።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። እስኪበቃቸው ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ወርቅ የተናጋሪው ብቻ መሰለሽ? ሰሚ ካገኘው የሰሚው ነው። እኔ ‘የለውም’ ብል ‘የኔታ ሸሸጉት’ ይላሉ። ‘አለው’ ብል አጎትሽን ገደልኩት። ስለዚህ አልሰማሁትም።»

«በእውነት አልሰሙትም፣ የኔታ?» አለች እናቴ።

«ሰምቼዋለሁ እንጂ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «አበጅተሽዋል» አሉኝ።

እንደዚያ ቀን ምስጋና አስፈርቶኝ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ወሰነች። «ዛሬውኑ ይላጫል። ሪዝ የለ፣ ወሬ የለ» አለች። አጎቴን ከሱቅ አስጠራችው። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ትከሻው ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ሳሙና መታች፤ ምላጭ አወጣች። ለሽማግሌዎቹ እንኳ ያልሰጠውን ጉንጩን ለእናቴ ሊሰጥ ተቀመጠ። ምንም አልተከራከረም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ተመለከተ።

«አንችስ ምን ትያለሽ፣ አስተማሪዋ?»

በዚያች ደቂቃ ገባኝ። የጻፍኩት ነገር በቃል ይታወቃል። ሪዙን እንደያዘ ቢኖር ያ ሰው እሱ ነው። ከተላጨ ደግሞ ሪዙን ቆረጠ፤ የቆረጠ ዕለት ደግሞ የሚመልሰው የለም ተብሏል። ከተማው ሙሉ የሚጠብቀውን ምልክት እናቴ በገዛ እጇ ልትሰጥ ነው። እናቴ አላየችውም፤ አጎቴም አላየውም። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ስለሆነ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አልተናገርኩም። ብናገር ያችን ዓረፍተ ነገር በአፌ ልደግማት ነው፤ ከዚያም እናቴ «ታዲያ ምን ይሁን?» ትለኛለች፤ ለዚያ መልስ አልነበረኝም። ይህ እውነት ነው። ግን ከዚህ ያነሰ ምክንያትም ነበረኝ፤ እናቴ ምላጩን ይዛ ቆማ ነበርና ሰው ቆሞ እየጠበቀ መናገር ያቅተኛል። «እማ እንዳለችህ ይሁን» አልኩ።

ሲያልቅ ጉንጩ ከቀረው ፊቱ ገርጥቶ ታየ፤ ኪስ ሲፈታ ከሥሩ እንደሚገኝ ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ። በመዳፉ ዳሰሰው። «በረደኝ» አለ።

በማግስቱ ሞጣ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች። ድምፅዋን ሰምቼ ምን እንደምትለኝ አወቅሁ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«‘ቆረጠ’ አሉ» አለች። «ሱቁን ገና ሳይከፍት ከማዶ ያለችው ሴትዮ አየችው። እልል ብትል ይሻል ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘች። እስከ ቀትር ገበያው ሁሉ ሰማ። ዛሬ ሁለት ሰዎች መጡና ‘ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ’ ብለው ይዘውት ሄዱ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ በስልክ ነው የሰማሁት። እናቴ በየቀኑ ወደ ታሰረበት ምሳ ትወስዳለች፤ በር ላይ ይቀበሏታል፤ እሱን አታየውም። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ «በልቷል» ትለኛለች። አንድ ቀን ግማሹ ተመለሰ። እኔ ክፍል እየገባሁ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል አስተምር ነበር፤ በመማሪያ መጽሐፉ ቅደም ተከተል የደረስነው እዚያ ላይ ነበር። አንዲት ተማሪ «መምህርት፣ የሰው መልክ ጠባዩን ያሳያል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በልቦለድ ውስጥ» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተለቀቀ። ምንም አላገኙበትም። ምን እንደጠየቁት እናቴ ብትለምነው «ስለ ሪዜ» ብቻ ብሎ ተወው። እኛ አበቃ ብለን ነበር። ሱቁን በከፈተ በሳምንቱ ግን ለዩኒፎርም የተሰጠው ጨርቅ ሳይቆረጥ ወደ ባለቤቶቹ መመለስ ጀመረ። አንዷ «ልጁ ቁመት ጨመረ» አለች፤ አንዱ «አክስቱ ልታሰፋለት ነው» አለ። ያ ሱሪ የሚያሳጥረው ጎረቤቱ በበሩ ሲያልፍ ሰላምታውን ወደ ማዶ ማድረግ ጀመረ። ሌሎቹ የገቡት ሳይወጡ ልብስ ሰፊው እንዴት በአሥራ ሁለት ቀን ወጣ? ይህንን የሚጠይቀው ሰው ፊት ለፊት አይጠይቅም። አንድ ማለዳ በሱቁ በር ሥር ወረቀት ገብቶ አገኘ። የተጻፈበት አንድ መስመር ነበር፤ «ማን ማን አልክ?»

መቀሱንና ሜትሩን ይዞ በዚያው ሳምንት የጁቤ ሄደ፤ እዚያ የአባታቸው ወገን የሆነ ሰው አለ። የስፌት መኪናው እናቴ ዘንድ ጨርቅ ለብሶ ቀረ። ሱቁ ውስጥ አሁን ሌላ ሰው የስልክ ዕቃ ይሸጣል።

ባለፈው የትምህርት እረፍት የጁቤ ሄድኩ። እናቴ የላከችለትን ኮት ይዤ ነበር፤ የዓባይ ቆላ ቅርብ ቢሆንም ዳገቱ ላይ ነፋሱ ይበርዳል ብላ። በአንድ ቤት በረንዳ ላይ፣ በተዋሰው መኪና፣ የተቀደደ ጆንያ ሲሰፋ አገኘሁት። ፊቱ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ሲያየኝ ተነስቶ ጉንጬን ሳመኝ፤ ቶሎም ተቀመጠ። ኮቱን ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። ስለ እናቴ ጠየቀ፤ ስለ ጉልበቷ ጠየቀ። ከዚያ ፔዳሉን ማንቀሳቀሱን ሳያቆም፣

«ያ ሰውየ መጨረሻው ምን ሆነ?» አለኝ።

«የትኛው?»

«ያንቺው። እኔ የሰማሁት እስከ ተቋረጠበት ነው። የያዙኝም ሰዎች ደጋግመው ያሰሙኝ እስከዚያው ድረስ ነው።»

«ድንኳኑን ተሸክሞ ለሴትየዋ ወሰደላት። ሰዎቹም አፍረው ተከተሉት።»

«ከዚያስ?»

«ቤቱ ገብቶ ተኛ።»

«ማንም አልነካው?»

«ማንም።»

ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለው ወይስ አዘነ፣ መለየት አልቻልኩም። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት። ከሞጣ ጀምሮ በአውቶቡስ ውስጥ ምን እንደምለው ሳስብ፣ አንዱን ቃል ሳወጣ ሌላውን ሳገባ ነበር። ለዚያች በርጩማ ላይ ላለፈችው ደቂቃ ነበር ይቅርታው፤ አውቄ ዝም እንዳልኩ እሱ አያውቅም። «ጋሼ» ብዬ ጀመርኩ።

አንድ ሰውዬ በረንዳውን ወጣ። ጆንያው የሱ ነበር። ሰላም አለን፤ የተሰፋውን አገላብጦ አየ፤ አመሰገነም። ሊሄድ ሲል እኔን ተመለከተ።

«እንግዳ መጣብህ? ከወዴት ናት? ከአገርህ ናት እንዴ? አገርህ ወዴት ነበር ያልከኝ?»

ክፋት ያለበት ጥያቄ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። አጎቴ ቀና አላለም።

«እኔማ ከዚሁ ከታች ነኝ» አለ። «እሷ ኮት ልታሳጥር የመጣች ናት።»

ፌስታሉን ከፍቶ የገዛ ኮቱን አወጣ፤ ቢቸና ራሱ የሰፋው ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ሜትሩን ካንገቱ አወረደ።

«እጅጌው ነው የረዘመ?» አለኝ።

ሰውዬው ቆሞ ያይ ነበር።

«አዎ፣ እጅጌው» አልኩ።

ለካው። በሳሙናው ነጭ መስመር አሰመረበት፤ ሁለቱንም እጅጌ አንድ ልክ።

«ሐሙስ ይደርሳል» አለ። «ሐሙስ ነይ።»

የመመለሻዬ አውቶቡስ በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። «እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» ብዬ ሁለቱንም ተሰናብቼ ወረድኩ።